ሁሉም ነገር «ኔቱ ነው» አይደለም

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሆቴል ደውለው «ኢንተርኔቱ ለኳስ አልሆነንም፤ ዲሹን መልስልን» አሉኝ። ሄድኩ። ስክሪኑ 75 ኢንች ነው፤ ላስቲኩ ገና ከጠርዙ አልተላጠም። መስመሩን በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳድገው 100 ሜጋቢት አድርሰውታል። ጣሪያ ላይ የነበረው ዲሽ ወርዶ ጓሮ ተጥሏል፤ ምልክቱን የሚቀበለው ኤልኤንቢም ተሰንጥቋል።

ቆሜ ጨዋታውን አየሁ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። በረኛው ረጅም ኳስ ሲለጋ ካሜራው ተከትሎት ይዞራል፤ ያኔ ከኋላ ያለው ሕዝብና የማስታወቂያ ሰሌዳው ኮብልስቶን ላይ እንደሚሮጥ ባጃጅ ይንገጫገጫል። ግን ምት ጠብቆ ነው የሚንገጫገጨው። ኔት ሲደክም ምት አይጠብቅም። ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን የቲቪ ቦክስ ሴቲንግ ከፈትኩ፤ 60 ኸርዝ ላይ ነው። 50 አደረግኩት። ካሜራው እየዞረ ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ መነበብ ጀመረ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ወር ሙሉ የጠየቁት ሰው ሁሉ «ሞደሙን አጥፍታችሁ አብሩት» ሲላቸው ነው የከረመው።

ማታ ደግሞ ቴሌግራም ስከፍት ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ «ዲሽ ጥሬ ምስል ነው፣ ስትሪሚንግ የተጨመቀ ነው፤ ስለዚህ ዲሽን መቼም አያክለውም» ብሎ ለጥፏል። ከሥር ሰዉ «ትክክል» እያለ ይቀባበለዋል። ስለዚህ ልጻፈው።

1. ዲሽም የተጨመቀ ነው። ስታዲየም ውስጥ ከኤችዲ ካሜራ በገመድ የሚወጣው ጥሬ ምስል በሰከንድ 1.485 ጊጋቢት ነው። ይህን ማንም ቤታችሁ አያመጣላችሁም። ሳተላይት ላይ ያለ አንድ 36 ሜጋኸርዝ ትራንስፖንደር ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሜጋቢት ቢሸከም ነው፤ እሱንም በርካታ ቻናሎች ይካፈሉታል። ለናንተ ኳስ የሚደርሰው ጥቂት ሜጋቢት ነው። ጥሩ ስትሪምም የሚልከው ጥቂት ሜጋቢት ነው። መጭመቂያው ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ሣሩ ነው፤ ካሜራው ሲሮጥ ሜዳው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ ይመስላል፤ ሲቆም ሣሩ ተመልሶ ይበቅላል። ይህን በዲሽም አይቼዋለሁ፣ በስትሪምም አይቼዋለሁ። ልዩነቱ ጣቢያው ለዚያ ቻናል ስንት ሜጋቢት ሰጠው የሚለው ላይ ነው።

2. «ኤችዲ» የሚለው ጽሑፍ አንድ ነገር ማለት አይደለም። በዲሽ የሚመጣው ኤችዲ አብዛኛው 1080አይ ነው፦ ምስሉ በመስመር ተከፍሎ፣ ግማሹ መስመር ቀድሞ ግማሹ ተከትሎ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይላካል። ቴሌቪዥኑ ነው የሚሰፋው። ጥሩ ስትሪም ግን 1080ፒ ሆኖ በሰከንድ 50 ሙሉ ምስል ይልካል፤ ያ ከዲሹ ይበልጣል። አማዞን ከ2022 ጀምሮ የሐሙስ ማታ የአሜሪካን ፉትቦል በ1080ፒ ሲያስተላልፍ፣ በኬብል የሚያሳዩት ትልልቆቹ ጣቢያዎች በ720ፒ ወይም በ1080አይ ነበሩ። መጥፎው ስትሪም ደግሞ ከ50ው ምስል 25ቱን ይጥላል። ያኔ ኳሱ ሲበር ጭራ ያወጣል፤ የቱንም ያህል ሜጋቢት ግዙ፣ የተጣለው ምስል አይመለስም።

አሁን ወደ 50 እና 60 ልመለስ፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

አውሮፓና አፍሪካ በሰከንድ 50 ነው የሚሠሩት፤ የመብራት ሞገዳችንም 50 ነው፣ ከድሮ የመጣ ነገር ነው። አሜሪካ 60 ነው። የእንግሊዝ ኳስ በ50 ይቀረጻል። ገበያው ላይ ያለው አብዛኛው ቲቪ ቦክስ ግን ከካርቶኑ ሲወጣ 60 ላይ ተቀምጦ ነው። ቦክሱ 50 ምስል ይዞ 60 ቦታ መሙላት አለበት፤ ምን ያደርጋል? ከየአምስቱ ምስል አንዱን ሁለት ጊዜ ያሳያል። በሰከንድ አሥር ጊዜ ኳሱ ለአፍታ ቆም ይልና ይቀጥላል። ዓይናችሁ ይህን አይቆጥረውም፣ ግን ይደክመዋል። «ስትሪሚንግ ራሴን ያመኛል» የሚሉ ደንበኞች አሉኝ፤ አልተሳሳቱም።

ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ ያንኑ ጨዋታ ያያል፤ እሱ ጋ አይንገጫገጭም። ለምን? እዚያ ያለው ጣቢያ ከ50 ወደ 60 የሚቀይረው ለዚሁ በተሠራ ውድ ማሽን ነው፤ ማሽኑ የኳሱን አካሄድ አስልቶ በመሃል አዲስ ምስል ይፈጥራል። የመርካቶ ቦክስ ይህን አያደርግም፤ ይደግማል እንጂ። አንዳንድ ቦክስ ላይ «የይዘቱን ፍሬም ሬት ተከተል» የሚል አለ፤ አፑ ካልተባበረው ግን አይሠራም። ስለዚህ ለኳስ በእጃችሁ 1080ፒ 50 ላይ አድርጉት። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» ስለተጻፈ 4ኬ 60 ላይ ማስቀመጥ ግዴታ አይደለም። አፑ የሚልከው 1080 ከሆነ፣ 4ኬ ያላችሁት ቦክስ የመጣለትን ለጥጦ ነው የሚያሳያችሁ።

ይህን ለሻጮች ስንት ጊዜ ነገርኩ! ለገዢዎችም። አንድ መሥሪያ ቤት ለአዳራሹ ያወጣውን የጨረታ ሰነድ አይቻለሁ፦ «4ኬ የሚችል ኤችዲኤምአይ ገመድ፣ 30 ሜትር» ይላል። ተራ የመዳብ ገመድ 4ኬ 60ን በ30 ሜትር አይሸከምም፤ ፋይበር ያለበት ነው የሚያስፈልገው። ደውዬ አስረዳሁ። «ሰነዱ ጸድቋል፣ አይቀየርም» ተባልኩ። ገመዱ ተገዛ፣ ግድግዳ ውስጥ ተቀበረ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ከዚያ ያው «ኔቱ ነው»። የሕዝብ ገንዘብ ነው እኮ! አንድ የሙያ ሰው ጠርቶ ግማሽ ሰዓት ማነጋገር ምን ያቅታል? ልጆቻችን በኤሌክትሮኒክስ ተመርቀው ሲመጡልኝ፣ የቱቦ ቴሌቪዥን አሠራር በቃላቸው ያውቃሉ፤ ኸርዝ የሚለውን ሴቲንግ ግን ነክተው አያውቁም። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ መማሪያውን አሁን ካለው ሥራ ጋር አስተያይቶ ያደሰው የለም።

3ኛውና 4ኛው አብረው ይሂዱ፦ መዘግየትና መቆራረጥ። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎሜትር ላይ ነው፤ ምልክቱ ወጥቶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ መጭመቂያው ተጨምሮበት ጥቂት ሰከንድ ይሆናል። ስትሪም ግን ጨዋታውን በየጥቂት ሰከንዱ ቆራርጦ፣ አንዱን ቁራጭ ጨርሶ ነው ቀጣዩን የሚልከው፤ ስልካችሁ ደግሞ ጥቂት ቁራጭ ሳያጠራቅም አይጀምርም። ለዚህ ነው ጎረቤት ያለው ዲኤስቲቪ ቤት «ጎል!» ብሎ ከጮኸ በኋላ ናንተ ጋ ገና ማዕዘን ምት የሚሆነው። ይህ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው።

መቆራረጡ ላይ ግን ዲሽ እውነተኛ ብልጫ አለው። ሳተላይት አንድ ሰው አየው፣ ሚሊዮን አየው፣ ግድ የለውም። ስትሪም ለእያንዳንዱ ተመልካች የየራሱን ቅጂ ነው የሚልከው። በ2018 የዓለም ዋንጫ አውስትራሊያ ውስጥ ኦፕተስ የሚባለው ኩባንያ ስትሪሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተሰናክሎበት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳይቀሩ ለኃላፊው ደውለው፣ ቀሪዎቹ ጨዋታዎች በሙሉ ኤስቢኤስ በሚባለው ተራ ቴሌቪዥን ታዩ። ኔትፍሊክስም በኅዳር 2024 በፈረንጆቹ የታይሰንና የጄክ ፖልን የቦክስ ግጥሚያ ሲያሳይ፣ በአንድ ጊዜ እስከ 65 ሚሊዮን ስትሪም ደርሷል ብሏል፤ ብዙ ሰው ቤት ግን ምስሉ ቆሞ ክቡ ሲሽከረከር ነበር። እዚያ ቢሆን «ኔቱ ነው» ማለት ያስኬዳል። በክረምት ዶፍ ሲወርድ ደግሞ ተራው የዲሹ ነው፤ ምስሉ ካሬ ካሬ ሆኖ ይበታተናል፣ ከዚያ ይጠፋል። ስትሪሙ ደብዝዞም ቢሆን ይቀጥላል። ሁለቱንም የሚያስቀምጥ ሰው አዋቂ ነው።

ድምፅ። ስለ ድምፅ ማንም አይጠይቀኝም፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማዳምጠው እሱን ነው። በትልልቅ ሊጎች ሜዳው ዙሪያ አሥራ ሁለት ያህል ማይክ ይተከላል፤ ባለሙያው ኳሱ በሄደበት ያለውን ማይክ እያነሳ ሌላውን እያወረደ ዘጠናውን ደቂቃ ይከተለዋል። ያ «ዷ» የሚለው የኳስ ምት የሰው እጅ ሥራ ነው። የአውሮፓ ቴሌቪዥን ከ2010 ጀምሮ የድምፅ መጠኑን −23 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) ላይ እንዲያደርግ መመሪያ አለው፤ ብዙ ስትሪሚንግ አፖች ከዚያ ከፍ አድርገው ነው የሚልኩት፣ አንዱ ካንዱም አይስማማም። ከዲሽ ወደ አፕ ስትቀይሩ ቤቱ በድንገት የሚጮኸው ለዚህ ነው። ድምፅ ስለጮኸ ጥራት አገኘ ማለት አይደለም።

ጣቢያዎች ድምፅ ከምስል ከ60 ሚሊሰከንድ በላይ እንዳይዘገይ ይጠበቅባቸዋል። የኛ ካፌዎች ደግሞ በብሉቱዝ ስፒከር ያያይዙትና ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ያዘገዩታል። ኳሷ ተመትታ ሄዳ ነው ድምፁ የሚመጣው፤ የተተረጎመ ፊልም ይመስላል። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኝተው የአማርኛውን ኮሜንታተር በስልክ የሚሰሙም አሉ፤ ፍላጎታቸው ይገባኛል፣ እኔም በአማርኛ ስሰማው ነው ጨዋታው የሚሞቀኝ። ግን ሁለቱ በተለያየ መንገድ ስለሚመጡ አይገጥሙም፤ የቀደመውን ፖዝ አድርጋችሁ የዘገየውን ጠብቁት፣ በመጀመሪያው ፊሽካ አስተካክሉት።

ሆቴሉም ስፒከሩን በብሉቱዝ ነበር ያያያዘው። ነቅዬ በገመድ አገናኘሁት። ሥራ አስኪያጁ ዲሹን ረስቶት ኳስ ማየት ጀመረ። እኔ አልረሳሁትም፤ ሰኞ አዲስ ኤልኤንቢ ይዤ እመለሳለሁ፣ ያን ዲሽ ከጓሮ አንስቼ ጣሪያው ላይ እሰቅለዋለሁ። ሁለት ጊዜ ያሳደጉትን መስመር ደግሞ ወደ ድሮው እንዲመልሱት ነግሬያቸዋለሁ።