የሐርላ ድንጋይና የጀጎል ግንብ፦ ለልጆቻችን ምን ብለን እንንገራቸው?



የምኖረውም የማስተምረውም ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ጠዋት በመደበኛ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ልጆችን አስቀራለሁ። በሁለቱም ቦታ የማስተምረው አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በቅርቡ መድረሳው እስኪያልቅ ጠብቆኝ፣ «ኡስታዝ፣ ኢማም አሕመድና ግራኝ መሐመድ የሚባለው አንድ ሰው ነው እንዴ?» አለኝ። አዎን፣ አንድ ሰው ነው፤ «ግራኝ» የተባለውም በግራ እጁ ስለሚሠራ ነው አልኩት። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «ታዲያ የቱን ልመን?» አለኝ።

ጥያቄው ለእኔ አዲስ አልነበረም። እኔም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ ያው ሰው ጠዋት አጥፊ፣ ማታ ጀግና ሆኖ ሲነገረኝ ሰምቼ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ነው ያደግሁት። ይህን ልጅ ግን ያለ መልስ ልሰደው አልፈለግሁም። መልሱንም ከመጽሐፍ በፊት ከድንጋይ እንድንጀምር መረጥሁና፣ በአንድ ቅዳሜ ተማሪዎቼን በሚኒባስ ይዤ ወደ ሐርላ ሄድሁ።

ግዙፎች ነበሩን?

ሐርላ ከድሬዳዋ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የገበሬ መንደር ናት። በማሳው መካከል የጥንት ግንብ ፍርስራሽ ይታያል፤ ድንጋዮቹም ትልልቆች ናቸው። ስለዚህ በአገሩ ሰው ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረው፣ እዚህ ይኖሩ የነበሩት ሐርላዎች ግዙፎች እንደነበሩ ነው። ተማሪዎቼም ይህንኑ ነበር የሚያውቁት።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ቲሞቲ ኢንሶል የሚመሩት ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር በመሆን ቦታውን ሲቆፍር ያገኘው ግን ሌላ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ ተገኘ፤ አሠራሩም በደቡብ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ከተገኙት ጋር ይመሳሰላል። ጌጣጌጥ የሚሠራበት ቦታ፣ የመስታወት ዶቃ፣ የባሕር ዛጎል፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብጽ የተሠራ ሳንቲም፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ የሸክላ ዕቃ ስብርባሪም ተገኘ። ከጥንቱ መቃብር የወጣው አጽም ደግሞ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሰው አጽም ነው።

ይህን ስነግራቸው አንዳንዶቹ ተማሪዎች ቅር አላቸው። እኔን ግን ደስ ይለኛል። ሥራው የግዙፎች ቢሆን ኖሮ እኛ ምን ድርሻ ይኖረን ነበር? ዶቃ የሚበሳ፣ ብር የሚያቀልጥ፣ ከባሕር ማዶ ነጋዴ ጋር ሒሳብ የሚተሳሰብ፣ አዛን ሲሰማ ሥራውን ትቶ ወደ መስጊዱ የሚያመራ ተራ ሰው ነው ይህን ከተማ ያቆመው። እርሱ የቻለውን እኛም እንችላለን ማለት ነው።

ጦርነቱ ምን ወሰደ?

ከዚያም ወደ ልጁ ጥያቄ ተመለስን። የኢማም አሕመድ ጦርነት ከሰማይ ዱብ ያለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1332 ዐፄ ዐምደ ጽዮን በኢፋት ሱልጣኔት ላይ ዘምተዋል፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሱልጣን ሰዕደዲን እስከ ዘይላ ድረስ ተሳድደው እዚያው ተገድለዋል። ከአዳል በኩልም በደጋው ላይ ዘመቻ ሲደረግ ኖሯል። የንግዱን መንገድ ማን ይያዝ፣ ግብሩን ማን ይቀበል የሚለው ጠብ ትውልድ ተሻግሮ የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1529 ኢማሙ በሽምብራ ኩሬ የዐፄ ልብነ ድንግልን ብዙ ሠራዊት ድል አደረጉ። ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ሠራዊታቸው ደጋውን አዳረሰ። ጦሩ፣ ጎራዴውና ጋሻው እንዳለ ሆኖ ጠመንጃም ገባበት፤ ለኢማሙ ከኦቶማን ቱርኮች፣ ለነገሥታቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1541 ከመጡት 400 የፖርቱጋል ወታደሮች። የእነዚህ አለቃ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1542 ተማርኮ ተገደለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1543 ደግሞ ኢማም አሕመድ ወይና ደጋ ላይ ወደቁ።

በዚህ መካከል የጠፋውን ማን ይቁጠረው? እ.ኤ.አ. በ1531 የተቃጠለችውን መካነ ሥላሴን ከኢማሙ ጋር የዘመተው የየመን ሰው ዐረብ ፈቂህ ሳይቀር ውበቷን አድንቆ ጽፏል። የእኛው ወገን ጸሐፊ አድንቆ የመዘገበውን መቃጠል እኛ «አልሆነም» ልንል አይገባንም።

ሰይዲና አቡበክር (ረ.ዐ.) ሠራዊት ወደ ሻም ሲልኩ ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እንዳይገደል፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ በገዳም ለአምልኮ የተቀመጡ ሰዎችም እንዳይነኩ ማዘዛቸው በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ሚዛናችን ይህ ነው። የሌላውን ወገን የምንመዝንበትን ሚዛን በራሳችን ላይ ስናደርገው እጃችን ሊንቀጠቀጥ አይገባም። ቁርኣንም በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 135 በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ ቢሆን እንኳ በፍትሕ እንድንመሰክር ያዘናል።

ግንቡ ለምን ተሠራ?

የሚቀጥለውን ትምህርት ያስተማርኳቸው ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ሥር ቆመን ነው። ብዙ ሰው ይህን ግንብ የድል ምልክት አድርጎ ያየዋል። ታሪኩ ግን እንዲህ ነው።

ኢማሙ ከወደቁ በኋላ ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገቡ። እ.ኤ.አ. በ1559 (በሂጅራ 966) አሚር ኑር ዘምተው ዐፄ ገላውዴዎስ በውጊያው ተገደሉ። በዚያው ዓመት ግን ሐመልማል የተባለው የንጉሡ የጦር አለቃ ሐረርን መትቶ ሱልጣን በረካትን ገድሏል። አሚሩ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ደግሞ ይስፋፋ ከነበረው የኦሮሞ ሠራዊት ጋር ተዋግተው ብዙ ሰው አለቀባቸው። ረሃብ ተከተለ፤ ወረርሽኝም ገባ። አሚሩ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1560ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሞቱ።

እንግዲህ የሐረር ሰው የአሚር ኑር ሥራ ነው እያለ ሲያወርሰን የኖረው ግንብ የዚህ ክፉ ዘመን ልጅ ነው። የሰላሳ ዓመት ጦርነት ሁለቱንም ወገን አድክሞ፣ በየቤቱ የሙት ልጅና መበለት ትቶ ሲያልፍ፣ የቀረው ሕዝብ ድንጋይ ተሸክሞ ጭቃ እያቦካ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚዞር ግንብ ቀጠለ። አምስት በር አደረገለት። ለሌሊት ጅቦች ማለፊያ የሚሆን ቀዳዳ እንኳ አልነፈጋቸውም!

በሩ አምስት መሆኑን ልብ በሉ። ጠላት ብቻ ያሰበ ሰው አንድ በር ይበቃው ነበር። እነዚህ በሮች ለገበያ የተከፈቱ ናቸው። ያ የተዋጋ የኦሮሞ ገበሬ ከጊዜ በኋላ እህሉን ጭኖ በእነዚሁ በሮች ገባ፤ ተገበያየ፣ ተጋባ፣ አብሮ ሰገደ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ከመዘገባቸውም መካከል 82 መስጊዶች አሉ።

አማና

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ይህን ታሪክ ከማን እንዲሰሙ ትፈልጋላችሁ? በጥላቻ ከሚያወራ ጎረምሳ ነው ወይስ ከእናንተ? የዛሬው የሳቢያን ልጅ ክርስቲያን ጎረቤት፣ ክርስቲያን የክፍል ጓደኛ አለው። የአምስት መቶ ዓመት ቂም ጭነንበት ልንልከው ነውን? ወይስ አያቶቹን እንዲያፍርባቸው እናሳድገው? ሁለቱም ልጁን መበደል ነው።

ሌላም አለ። በሐርላ ፍርስራሽ ድንጋይ እየተነቀለ ለቤትና ለአጥር ይውላል፤ ወርቅ አለ እያሉ የሚቆፍሩም አሉ። ዛሬ የሚነቀለው ድንጋይ ነገ ልጆቻችን «እዚህ ሰው ነበረ» የሚሉበት ማስረጃ ነው። ሳንቲም ወይም ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ያገኘ ለአካባቢው የባህልና የቅርስ መሥሪያ ቤት ያሳውቅ። በእጃችን የተቀመጠ አማና ነውና።

ከሐረር ስንመለስ፣ ደንገጎን ወርደን ድሬዳዋ ከታች ስትታየን፣ ያ ተማሪ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። «እሺ ኡስታዝ፣ የቱን ልመን?» አለኝ ደግሞ። «ሰው ነበሩ» አልኩት፤ «ደፋርና አስተዋይ የጦር መሪ ነበሩ፤ በዘመናቸው ብዙ ነገር ጠፋ፤ ፍርዱ የአላህ ነው። አንተ ግን መስጊዱን የሠራውን፣ ዶቃውን የበሳውንና ግንቡን የካበውንም አትርሳ። ስማቸውን የጻፈላቸው የለም።»

ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «የእነርሱን ስም እኛ ብናጣው አላህ ያውቀዋል፣ አይደል?» አለኝ።

አዎን ልጄ፤ እርሱ ያውቃል። አላህ ሐቅን አይተው ከሚመሰክሩት፣ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።