የውሃ ኤሊ በቤት፤ ለእንስሳውም ለሕፃናቱም ስለሚያስፈልግ ጥንቃቄ

እንስሳን በቤት ማኖር ልጆችን ርኅራኄና ኃላፊነት የሚያስተምር መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ፍቅሩ ዕውቀት ካልተጨመረበት እንስሳውን ለሞት፣ ሕፃናቱንም ለበሽታ አሳልፎ ይሰጣል። በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠሮች ከትምህርት ቤት መልስ ወደ ወንዝ የሚወርዱ ልጆች የውሃ ኤሊ ቢያገኙ፣ ወደ ቤት ወይም ወደ ክፍላቸው ይዘው ለመምጣት መጓጓታቸው አይቀርም። ስለዚህ መምህራንና ወላጆች ሊያውቁት የሚገባውን በዚህ ወር በአጭሩ እንገልጻለን። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ውሃው ነው፤ ኤሊውን የሚያኖረውም፣ ሕፃኑን የሚጎዳውም እርሱ ነውና።

በመጀመሪያ የኤሊውን ወገን መለየት ያስፈልጋል። የየብስ ኤሊ ቅርፊቱ እንደ ጉልላት ከፍ ያለ፣ እግሩም እንደ ዝሆን እግር ወፍራም ስለ ሆነ፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ቢያስገቡት ሰጥሞ ይሞታል። የውሃ ኤሊ ግን ቅርፊቱ ዝርግ፣ ጣቶቹም በስስ ቆዳ የተያያዙ ናቸው። በኢትዮጵያ ውሃዎች ከሚገኙት አንዱ፣ ሊቃውንት ፔሎሜዱሳ ብለው የሚጠሩት፣ አንገቱን ወደ ጎን አጥፎ ከቅርፊቱ ሥር ይደብቃል። ኩሬው ሲደርቅ በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ዝናብን ይጠብቃል።

እንዲህ ያለው እንስሳ በጠባብ ሳፋ ውስጥ ሊኖር አይችልም። ማኖሪያው ገንዳ ርዝመቱ ከቅርፊቱ አምስት እጥፍ ያህል ቢሆን መልካም ነው። ኤሊው በጀርባው ቢወድቅ መገልበጥ እንዲችል፣ የውሃው ጥልቀት ከቅርፊቱ ስፋት ማነስ የለበትም። በገንዳው ውስጥ ወጥቶ የሚደርቅበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለት። የፀሐይ ብርሃን አጥንቱንና ቅርፊቱን ያጠነክራል፤ ይህ ጥቅም በመስኮት መስታወት በኩል ስለማይገኝ፣ በደጅ ፀሐይ እንዲሞቅ ያስፈልጋል። ሆኖም ትንሽ ውሃ በፀሐይ ቶሎ ስለሚሞቅ፣ ከገንዳው ግማሹ ጥላ ይኑረው። የውሃው ሙቀት ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይስማማዋል። በመርሳ ሙቀት ይህን ማግኘት አያስቸግርም፤ ከፍ ብላ በምትገኘው በወልድያ ግን ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ገንዳውን ከብርድ መከለል ይገባል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አንድ ቀን በሰፊ ዕቃ አሳድሮ መጠቀም ይሻላል።

ምግቡ የምድር ትል፣ ነፍሳትና ከነአጥንቱ የተከተፈ ትንሽ ዓሣ ነው። እንጀራ፣ ዳቦና ወተት አይስማሙትም። ትንሹ ኤሊ በየቀኑ፣ ትልቁ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይመገብ። የተረፈው ምግብ በስብሶ ውሃውን ስለሚያበላሽ ወዲያው ይውጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ኤሊ ጤነኛ መስሎ እየታየ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ በአንጀቱ ይሸከማል፤ ተሕዋሱም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በቅርፊቱና በውሃው ውስጥ ይሰራጫል። ወደ ሰው አፍ ሲገባ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያመጣል። ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት፣ በሽማግሌዎችና አቅማቸው በደከመ በሽተኞች ላይ ይጠናል። በአሜሪካ አገር ትንንሽ ኤሊዎች በየሱቁ ይሸጡ በነበረበት ዘመን ብዙ ልጆች ስለ ታመሙ፣ እ.አ.አ. በ1975 የቅርፊታቸው ርዝመት ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሱ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ ተከለከለ። ሕፃናት ትንሹን ኤሊ ወደ አፋቸው ያስገቡት ነበርና።

ስለዚህ የሚከተሉት ደንቦች ይጠበቁ፦

1ኛ/ ኤሊውን ወይም ውሃውን የነካ ሁሉ ወዲያው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

2ኛ/ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ኤሊ አይንካ።

3ኛ/ ገንዳው በማድ ቤት ወይም ዕቃ በሚታጠብበት ቦታ አይጽዳ፤ ቆሻሻው ውሃ ከመጠጥ ውሃና ከጓሮ አትክልት ርቆ በመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ይፍሰስ።

4ኛ/ ሕፃን በተቅማጥ ቢያዝ ሕይወት አድን ፈሳሽ እየጠጣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ በቤት ኤሊ መኖሩም ለባለሙያው ይነገር።

ሌላው አደጋ ያለው ኤሊውን ፍለጋ በሚገቡበት ወንዝ ነው። በወሎ ከሚታወቁት የውሃ በሽታዎች አንዱ ቢልሃርዚያ ነው። ይህን በሽታ ኤሊ አያስተላልፍም፤ ከቀንድ አውጣ የሚወጡ እጭ ትሎች ግን በውሃው ውስጥ የቆመውን ልጅ ቆዳ በጥቂት ደቂቃ በስተው ይገባሉ። ስለሆነም የወንዝ ውሃና ቀንድ አውጣ ወደ ገንዳው አይምጡ። ቀንድ አውጣን እንዶድ እንደሚገድለው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.አ.አ. በ1964 በአድዋ አስተውለዋል። ይሁን እንጂ እንዶድ ለዓሣም መርዝ ስለ ሆነ፣ ኤሊ ባለበት ውሃ ውስጥ አይጨመር።

በመጨረሻም የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ መሆኑን እናሳስባለን። በወንዙ የሚኖር ኤሊ በወንዙ ይኑር፤ መምህሩም ተማሪዎቹን ከዳር ቆመው እንዲመለከቱት ያስተምራቸው። ብዙ ጊዜ በቤት የኖረውን ኤሊ ግን ወደ ወንዝ መጣል በዚያ ላሉት በሽታ ማድረስ ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይገባል። ንጹሕ ገንዳና የታጠበ እጅ ካሉ፣ ኤሊውም ሕፃኑም በጤና ይኖራሉ።