በሐዋሳና በአካባቢዋ ለንቦች ዓመቱን ሙሉ አበባ ስለ ማዘጋጀት

ንብ በአገራችን ስሟ የሚነሣው በማሯና በሰሟ ነው። ማሯ ለጠጅ፣ ሰሟም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሲውል ኖሯል፤ ኢትዮጵያም በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት። ነገር ግን ንብ ለገበሬው የምትሠራው ከማሩ የሚበልጥ ሥራ አለ። ይኸውም ቀሰም ለመፈለግ ከአበባ ወደ አበባ ስትዘዋወር ብናኙን እያደረሰች ፍሬ እንዲያዝ ማድረጓ ነው። በዚህም ሥራ የቀፎዋ ንብ ብቻዋን አይደለችም፤ ማሯ ለመድኃኒት የሚፈለገው፣ ጎጆዋን በምድር ውስጥ የምትሠራው ጣዝማና ልዩ ልዩ የዱር ንቦችም ይረዷታል።

ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ስትሆን፣ በስምጥ ሸለቆ በሐይቋ ዳር፣ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ከእርሷ በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ መሬቱ እየከፈተ ሲሄድ፣ በዳሌና በአለታ ወንዶ የቡናና የእንሰት አገር፣ ከዚያም በላይ የሁላ ደጋ ይከተላል። በይርጋለም የተቋቋመው የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ አቦካዶ ለገበሬው ተጨማሪ የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። ቡናውም አቦካዶውም ንብን ይፈልጋሉ። የአቦካዶ አበባ ሁለት ጊዜ የሚከፈት ነው፤ መጀመሪያ እንደ ሴት፣ በኋላም እንደ ወንድ ሆኖ ይፈካል፤ ስለዚህ ብናኙን ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የሚያደርስ ነፍሳት ያስፈልገዋል። የሐበሻ ቡና በራሱ ብናኝ ፍሬ ለመያዝ የሚችል ቢሆንም፣ ንቦች በብዛት በጎበኙት ጊዜ የሚይዘው ፍሬ ይበረክታል።

እንግዲህ ሹማምንትና ባለይዞታዎች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የቡና አበባ ከመጀመሪያው ዝናም በኋላ በአንድ ጊዜ ይፈካል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀንም በላይ አይቆይም። ንቦቹ በዚያ ቀን በዝተው ካልተገኙ ጊዜው ያልፋል። ንብ ግን በአንድ ቀን አትበዛም። ሠራተኛይቱ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ አውጥታ እስክትወጣ 21 ቀን ይፈጃል፤ ከዚያም በኋላ በቀፎው ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሠርታ ነው ወደ አበባ የምትሰማራው። ስለዚህ በየካቲትና በመጋቢት ቡናውን የሚጎበኙት ንቦች በታኅሣሥና በጥር የተፈለፈሉት ናቸው። በነዚያ ወራት በአካባቢው አበባ ከሌለ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣሏን ትቀንሳለች፤ ረኀቡ ከጸናም ንቦቹ ቀፎውን ጥለው ይኮበልላሉ። ያን ጊዜ የሚጎዳው ንብ አናቢው ብቻ አይደለም፤ ቀፎ የሌለው ባለ ቡናም የኪሣራው ተካፋይ ነው።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የአገራችን ነባር ዛፎችና ቍጥቋጦዎች አንዱ ሲያበቃ ሌላው እየተተካ የሚያብቡ ናቸውና፣ በሥርዓት ከተተከሉ ንቦቹን ከወር ወደ ወር ያሻግራሉ።

ክረምቱ ሲያልቅ መጭ ሜዳውንና የእርሻውን ዳር ቢጫ ያደርገዋል። ከእርሱም ጋራ ተከትሎ በወይና ደጋው ዋንዛ ነጭ አበባውን ያወጣል፤ በደጋው ደግሞ ውልክፋና ኮሶ ያብባሉ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ሣሩ በደረቀ ጊዜ፣ የሚያብበው ግራዋ ነው፤ ከላይ እንደ ተገለጸው ለቡናው ወራት ንቦቹን የሚያዘጋጅ እርሱ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብለት ይገባል። ከመጋቢት ጀምሮ ብሳና፣ በእርጥቡ ጫካም ነጭ ማር የሚገኝበት ጌተም ይተካሉ። በሐይቁ ዙሪያ ባለው ቆላማ ስፍራ የቆሙት ግራሮችም ለንብ እጅግ የተወደዱ ናቸውና ለከሰል መቆረጥ የለባቸውም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናሙ ንቦቹን ከመውጣት ይከለክላቸዋል፤ በእነዚህ ወራት ትልቁ ረዳት በቀፎው ውስጥ የተተወላቸው ማር ስለ ሆነ፣ አናቢው በሰኔ ማሩን አሟጦ እንዳይቆርጥ ይመከራል።

አተካከሉም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ግራዋ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል፤ ለአጥርም ይሆናል። የዋንዛን ፍሬ የሚያጣብቀውን ሥጋውን አጥቦ በችግኝ ጣቢያ መዝራት ነው። የብሳና ፍሬ ግን ፈንድቶ ዘሩ ሳይበተን መልቀምና ሳያቆዩ መዝራት ያስፈልጋል። ችግኞቹ ዝናም በጸና ጊዜ ይተከላሉ። ንብ አብዛኛውን ጊዜ የምትሰማራው ከቀፎዋ እስከ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ድረስ ስለ ሆነ፣ አበባው በአንድ ሩቅ ተራራ ላይ ከሚከማች ይልቅ በየእርሻው ድንበር፣ በየወንዙ ዳርና በየትምህርት ቤቱ ግቢ ቢበተን ይሻላል።

ባሕር ዛፍ ሲያብብ ለንብ ምግብ መስጠቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለአጣና ሲባል ብዙ ጊዜ ሳያብብ ይቆረጣልና በእርሱ ብቻ መታመን አይገባም። ለከተማ ጌጥ ከውጭ የሚመጡ፣ ቅጠላቸው ድርብርብ የሆነ አበቦችም ለዓይን ያማሩ ቢሆኑ እንኳ ብዙዎቹ ለንብ የሚተርፍ ቀሰምና ብናኝ የላቸውም። የሐዋሳ ጎዳናዎችና የሐይቁ ዳርቻ ሲተከሉ ከጌጡ አጠገብ ለዋንዛና ለግራር ስፍራ ቢሰጥ ጥላውም ጥቅሙም ይገኛል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በየዓመቱ ብዙ ችግኝ ይተከላል፤ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 660ም በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ስለዚህ የቀረው የየወረዳው ሹም ትጋት ነው። በመጀመሪያ፣ በወረዳው ውስጥ በየወሩ የሚያብበውን ተክል ከሽማግሌዎችና ከንብ አናቢዎች ጠይቆ ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ አበባ የሌለባቸውን ወራት ለይቶ፣ በእነዚያ ወራት የሚያብቡትን ዛፎች ችግኝ ጣቢያው አስቀድሞ እንዲያፈላ ይዘዝ፤ ለምክርም በወንዶ ገነት ያለው የደን ኮሌጅና የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል አሉ። ሦስተኛ፣ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ገበሬ አበባ በፈካበት ሰዓት እንዳይረጭ፣ የግድ ከሆነም ንቦቹ ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ ወደ ማታ እንዲያደርገው ያስጠንቅቅ።

በየዓመቱ መጨረሻ ስለ ተከላው መግለጫ ሲቀርብ የችግኙ ብዛት ብቻ ሊጻፍ አይበቃም። ስንት ወር ያለ አበባ ያልፍ እንደ ነበረና አሁን ስንት ወር እንደ ቀረ አብሮ ይጻፍ። ያ ቍጥር እየቀነሰ የሄደበት ወረዳ ማሩ ይበዛለታል፤ የቡናውና የአቦካዶው ፍሬም ይበረክትለታል።