የጋሞ ደጋ፦ እንሰት፣ ሸማና አፕል

የጋሞ ደጋ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ ቀጥ ብሎ የሚነሣ ተራራማ አገር ነው። ከግርጌው አርባ ምንጭ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሙዝና ማንጎ በሚያፈራው ቆላ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚጠማዘዘውን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት የወጣ መኪና 2700 ሜትር ገደማ ላይ ጨንቻ ይደርሳል። በቆላው ሙቀት ሲያልበው የነበረ ተሳፋሪ እዚህ ሲወርድ የሚደርበው ጋቢ ያምረዋል። ከሁሉም የሚበልጠው የጉጌ ተራራ ከ4000 ሜትር ያልፋል። አካባቢው ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጋሞ ዞን ሥር ሲሆን፣ አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ዓ.ም. እስክትቆረቆር ድረስ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች።

የጋሞ ስም በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለነገሡት ለዐፄ ይስሐቅ ከሚገብሩት አገሮች ጋር ተጠቅሷል። ከግራኝ ጦርነት በኋላ ግን ደጋው ከሰሜኑ መንግሥት ተለይቶ ለብዙ ዘመን ራሱን አስተዳደረ። ሕዝቡ በአንድ ንጉሥ ሥር አልነበረም። «ደሬ» በሚባሉ ብዙ ትናንሽ አገሮች ተከፋፍሎ ነበር የሚኖረው፤ ዶርዜም ከእነዚህ አንዱ ነው። እያንዳንዱ ደሬ መሥዋዕት የሚያቀርብ «ካዎ» ቢኖረውም፣ ቁርጥ ያለው ነገር የሚነገረው «ዱቡሻ» በሚባለው የአደባባይ ሸንጎ ነበር። ጉዳይ አስፈጻሚውን «ሃላቃ» የሚመርጠውም ሕዝቡ ነው። ይህን የሕዝብ ሸንጎ የሚያደንቅ ሰው ግን ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከመሬትም ከሸንጎውም ተገልለው መኖራቸውን መርሳት የለበትም።

ደጋው በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ጦር ተይዞ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ሲገባ፣ ገባርነት መጣ፤ የአዲስ አበባ መንገድም ተከፈተ። የአገሩ ሥርዓት በዚህ አልጠፋም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው በቡራዩና በአካባቢዋ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ፣ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። በጋሞ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን «ጎሜ» ነው፤ ጎሜ ማለት መዘዙ ለቤተሰብና ለአዝመራ የሚተርፍ ክልክል ነው።

በደጋው ያለው ክርስትናም የአገሩን መልክ ይዟል። በዶርዜ ጥናት ያደረገው ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር እንደጻፈው፣ ነብር ክርስቲያን ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይባላል። ይህን የሚናገረው ዶርዜ ግን በጾሙ ቀን እንስሶቹን ከነብር መጠበቁን አይተውም።

ደጋው ሰው የበዛበት፣ መሬት ያነሰበት አገር ነው። ስለዚህ ገብሱና ባቄላው በተዳፋቱ ላይ ቢዘራም ኑሮ የሚቆመው በጓሮ ነው። የጓሮው ጌታ እንሰት ነው። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ እስከዚያ የሚመግበው የከብቱ ፍግ ነው። ሲደርስ ሴቶች ግንዱን ሳንቃ ላይ ዘርግተው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቁታል። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ ተጨምቆ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው፤ የሚተርፈው ጭረት ደግሞ ቃጫ።

ከእንሰቱ ጎን ቀርከሃ ይቆማል፤ የዶርዜ ቤት የሚሠራውም ከእርሱ ነው። ቤቱ ይታነጻል ከማለት ይልቅ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተገልብጦ ይሰፋል ቢባል ይቀላል፤ ምሰሶ የለውም። አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይቆማል። መግቢያው እንደ ኩምቢ ወደ ፊት ወጣ ይላል፤ ከበላዩ ሁለት የጢስ መውጫዎች ስላሉ ቤቱ ፊት ለፊት ሲታይ ዝሆን ይመስላል። ውስጡ ሰውም ከብትም ያድርበታል፤ የከብቱ ትንፋሽ ለደጋው ብርድ ማሞቂያ ነው። ጠላቱ ምስጥ ነው። ምስጡ ሥሩን ሲበላው ባለቤቱ የተበላውን ቆርጦ ይጥላል፤ ቤቱም እያጠረ፣ እያጠረ አንድ የሰው ዕድሜ ያህል ያገለግላል። የዶርዜ ቤት ስንት ዘመን እንደቆየ ከቁመቱ ይገመታል። ቦታ መለወጥ ካስፈለገ ጎረቤት ተሰብስቦ ከነቁመናው ተሸክሞ ይወስደዋል።

ጓሮው ለማይችለው ወጪ ሽመና አለ። በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲናቅ፣ እዚህ የባለ መሬቱ የተከበረ ሙያ ነው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ሴቶች ዳምጠው ፍሬውን ያወጣሉ፤ በደጋን ነድፈው ባዘቶ ያደርጉታል፤ በእንዝርት ፈትለው ልቃቂት ይጠቀልላሉ። ሽመናው የወንድ ነው። ሸማኔው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ይሰድዳል። በእግር ጣቶቹ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ መወርወሪያው በመካከሉ ከቀኝ እጅ ወደ ግራ ያልፋል፤ ማጉ ተመትቶ ይጠጋል። ዛሬ ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእጅ የተፈተለው ለማግ ይቀመጣል፤ የነጠላው ልስላሴም የሚመጣው ከማጉ ነው። ለአገሩ ሰው የሚሠራው ዱንጉዛ የሚባለው ልብስ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሲሆን፣ ለከተማ ገበያ የሚሠራው ነጩ ሸማ ባለ ጥበብ ነው።

ሽመናውን ሰፊ ንግድ ያደረገው አዲስ አበባ ነው። ከደጋው የፈለሱት ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። ከየትኛውም ደሬ ቢመጡ ከተማው ሁሉንም «ዶርዜ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ስሙ የሙያ ስም እስከ መሆን ደርሷል። በመስከረም ለመስቀል ግን የቻለ ሁሉ ወደ ደጋው ይመለሳል።

አፕል ለጓሮው አዲስ እንግዳ ነው። ችግኙን ሚስዮናውያን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ጨንቻ አመጡት፤ ብዙ ዘመን ግን የጥቂት ጓሮዎች ጌጥ ሆኖ ቆየ። ወደ ገበሬው በሰፊው የደረሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መሬት ላነሰው ሰው ተክሉ ይስማማዋል፦ አጭር ነው፣ ጥግ ይበቃዋል፣ ፍሬውም ከገብስ ይልቅ ያወጣል። ጨንቻ ከፍሬው ሌላ ችግኝም ትሸጣለች፤ ሌሎች የኢትዮጵያ ደጋዎች የተከሉት አፕል ብዙው ከዚህ የሄደ ነው።

የአፕል ዛፍ ለማበብ ብርድ ይፈልጋል፤ የአውሮፓ ዝርያዎች የሚፈልጉትን ያህል ብርድ ደግሞ የጨንቻ ደጋ እንኳ አይሰጥም። ስለዚህ ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ይመረጣሉ፤ ከእነዚህ «አና» በእስራኤል፣ «ዶርሴት ጎልደን» በባሃማስ የተገኙ ናቸው። አና በራሷ የአበባ ብናኝ በደንብ አታፈራም፤ በአጠገቧ ዶርሴት ሊኖር ይገባል። አንዲት ዛፍ ብቻ የተከለ ሰው አበባ አይቶ ፍሬ የሚያጣው በዚህ ነው። ችግኙ የሚዘጋጀው ከተፈለገው ዝርያ የተቆረጠ ለጋ ቅርንጫፍ በሌላ ጠንካራ ሥር ላይ ተጣብቆ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሁለቱ እስኪዋሐዱ ተጠብቆ ነው። አውሮፓ ላይ ክረምቱ የሚያራግፈው ቅጠል እዚህ በራሱ አይረግፍም፤ ዛፉ አርፎ እንዲያብብ ከለቀማ በኋላ ቅጠሉ አንድ በአንድ በእጅ ይነቀላል።