ስሙ መጨረሻ ይምጣ

ዛሬ ፓቶሎጂ የሚጀምር ተማሪ ከመደርደሪያው ብልቃጥ በፊት የሚያየው የስልኩን ምስል ነው። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኤድዋርድ ክላት ያሰናዱትን ዌብፓዝን የመሳሰሉ የኢንተርኔት ስብስቦች በነጻ ይገኛሉ፤ እኔም ከልቤ እደግፋቸዋለሁ። ፎርማሊን ናሙናውን ከመበስበስ ያድነዋል እንጂ ቀለሙን አይጠብቅለትም። ዓመታት ሲያልፉ ጉበቱም ሳንባውም ግራጫ ይሆናል። ትኩስ ሳለ የተነሳ ፎቶ ግን ደሙን ከሐሞቱ ለይቶ ያቆያል። በአገራችን ቀብር ስለሚፈጥንና የአስከሬን ምርመራ ለትምህርት ብሎ መሥራት ብርቅ ስለሆነ፣ ሙሉ ልብ ወይም ሙሉ ሳንባ ለማየት ለብዙ ተማሪ ያለው መንገድ ይኸው ነው።

የስላይዱም ነገር እንዲሁ ነው። በ40 እጥፍ የተነበበ አንድ ስላይድ ከ1 ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል፤ ምስሉ ግን በትናንሽ ቁርጥራጮች ስለሚቀመጥ የሚወርደው ተማሪው የሚያየው ክፍል ብቻ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ዶርም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚያሳስበኝ አቀራረቡ ነው። ፎቶና የበሽታ ስም አብረው ሲመጡ ተማሪው መልክ ይሸመድዳል። በሩማቲክ ሕመም የተጣበቀ ማይትራል ቫልቭ ሲያይ ስሙን ወዲያው ይጠራል፤ ቀዳዳው ምን ያህል እንደጠበበ ስጠይቀው ግን ዝም ይላል። ፎቶው ላይ ማስመሪያ የለማ! ጤነኛ ቫልቭ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ይከፈታል። ከ1.5 ሲያንስ፣ ዳገት የምትወጣ ወጣት ሴት ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል፤ እርግዝና ሲጨመርበት ደግሞ ይብስባታል። ልኬቷና ታሪኳ ከሌሉ ተማሪው ያየው ቁራጭ ሥጋ ነው። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ሙዚየም የመሩት ሞድ አቦት ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው የልብ አፈጣጠር ጉድለቶች አትላሳቸው በ1,000 ታማሚዎች ላይ የቆመ ነው። እኔም ሳስተምር ታሪኩን አስቀድማለሁ፤ ልኬቱና ምስሉ ይከተላሉ፣ ስሙ መጨረሻ ይመጣል።

ደግሞም አብዛኞቹ ስብስቦች የተሠሩት በሌሎች አገሮች ሆስፒታሎች ስለሆነ፣ የጠበበ የልብ ደም ሥርና በአስቤስቶስ የተጎዳ ሳንባ ሞልቷቸዋል። እኛ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣው ግን ቲቢ የያዘው የአንገት ንፍፊት ነው፤ ሲቆረጥ መሐሉ እንደ ዐይብ ይፈረፈራል። ከውሻ የሚመጣው የሃይዳቲድ ትል ጉበት ውስጥ የሠራው ከረጢትም አለ፤ ዘግይቶ የደረሰ የማህፀን በር ካንሰርም አለ። እነዚህን ፎቶ ማንሳት የኛ ሥራ ነው። ካሜራ፣ መቆሚያ፣ ማስመሪያና ወጥ ብርሃን ይበቃል። ስምም የካርድ ቁጥርም ምስሉ ላይ አይገባም። ፈቃዱ ደግሞ ለብቻው፣ ታማሚዋ በምትረዳው ቋንቋ ይጠየቅ፤ ለቀዶ ሕክምና መፈረም ለፎቶ መፍቀድ አይደለም።

ሪፖርቱ ወጥቶ የማቆያ ጊዜው ሲያበቃ ናሙናው ይወገዳል። ከዚያ በፊት ሬዚደንቱ ታሪኩን በአጭሩ ጽፎ ከፎቶው ጋር የሚያስቀምጥበት ሰዓት በሥራ ፕሮግራሙ ውስጥ ይያዝለት። ትምህርት ክፍሎቻችንን የምጠይቀው ይህንን ነው።