በነፃ የምናለቅስበት ዘፈን

ከእሷ ጋር ከተለያየን ወዲህ፣ እዚህ ጥሊሊ ማታ ማታ ኢርፎን ሰክቼ የመለያየት ዘፈን ነው የምሰማው። በተለይ ያለ ትልቅ ካምፓኒ የተሠሩትን። «ኢንዲ» የፈረንጅ ፋሽን የሚመስለው ካለ ተሳስቷል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይሄ ሞኖፖሊ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ ግን ደፍሮ፣ በራሱ ሌብል የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። ግርማ በየነና ማሕሙድ አህመድም ተከተሉ። እስከ 1975 ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። ሰው ሸክላውን ባይገዛ ኖሮ ይሄን ያህል አይዘልቅም ነበር።

እኛስ? በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ ልጆችን አልበም በቴሌግራም እየተቀባበልን በነፃ እናለቅሳለን። እኔም ለእሷ የላክሁላት እንደዚያ ነበር። ዕንባችን ግን የስቱዲዮ ኪራይ አይከፍልም። ዛሬ ከዳታ ፓኬጄ ቀንሼ አንዱን ልገዛ ነው።