የቅድስት ጆሴፊን ባኪታ በዓል

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቅድስት ጆሴፊን ባኪታ በዓል ፌብሩዋሪ 8 ይከበራል፤ በ1947 እ.ኤ.አ. ያረፈችበት ዕለት ነው። ባኪታ በ1869 ገደማ በሱዳን፣ ዳርፉር ተወለደች። በልጅነቷ ተጠልፋ ከጌታ ወደ ጌታ ተሸጠች። በአንደኛው ጌታ ቤት ውስጥ ሰውነቷን በምላጭ ተልትለው ቁስሉን በጨው አሹት፤ ጠባሳው ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ኖረ። ወደ ጣሊያን ከተወሰደች በኋላ በ1889 ፍርድ ቤት ነፃ ሰው መሆኗን አረጋገጠ። በ1890 ተጠመቀች፤ ኋላም በካኖሳ እኅቶች ማኅበር መነኮሰች።

የበዓሉ መንፈሳዊ ትርጉም የሚመነጨው ከዚህ ሕይወት ነው። በገበያ ዋጋ የተተመነላት ሴት በእግዚአብሔር ዘንድ የተወደደች ልጅ መሆኗን አወቀች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ በ2007 ስለ ተስፋ በጻፉት መልእክት ባኪታን በምሳሌነት ያነሷትም ስለዚህ ነው። ጠላፊዎቿን ብታገኝ ተንበርክካ እጃቸውን እንደምትስም ተናግራለች፤ ክርስቶስን ያወቀችው በዚያ መንገድ በመሆኑ። ይህ ከባድ ይቅርታ ነው፤ ግፉን ግን ትክክል አያደርገውም። ከ2015 ጀምሮም ዕለቱ በሰው ንግድ ለተጎዱ ሁሉ የሚጸለይበት ዓለም አቀፍ ቀን ሆኗል።